«አልተገኘም» እና «የለም»፦ የሕፃናት የዱቄት ወተት የባክቴሪያ ምርመራና መመሪያዎቹ ሲመዘኑ

መግቢያ

የሕፃናት የዱቄት ወተት ከፋብሪካ ወጥቶ ድንበር ሲሻገር የጥራት ምስክር ወረቀት አብሮት ይጓዛል። በወረቀቱ ላይ ከሌሎች መለኪያዎች ጎን «ሳልሞኔላ አልተገኘም፤ ክሮኖባክተር አልተገኘም» የሚል ውጤት ይሰፍራል። ወረቀቱን የተቀበለው አስመጪ፣ ጣሳውን የሸጠው መድኃኒት ቤት፣ ወተቱን ያዘዘው ባለሙያና ጡጦውን የምታዘጋጀው እናት ውጤቱን የሚረዱት በአንድ መንገድ ነው፤ ጣሳው ውስጥ ባክቴሪያ የለም ብለው። ላቦራቶሪው የተናገረው ግን «አልተገኘም» የሚለውን ቃል እንጂ «የለም» የሚለውን አይደለም። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የቋንቋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሐኪሞች መጽሔት ርእስ ባልሆነ ነበር። ልዩነቱ የሚለካው ግን በጨቅላ ሕፃናት ሕይወት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚመዘኑት ሁለት ሰነዶች ናቸው። የመጀመሪያው የዓለም ጤና ድርጅት ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር በመተባበር በ2007 ያወጣው፣ የዱቄት ወተትን በጥንቃቄ ስለማዘጋጀት፣ ስለማስቀመጥና ስለመያዝ የሚደነግገው መመሪያ ነው። ሁለተኛው የኮዴክስ አሊመንታሪየስ ኮሚሽን በ2008 ያጸደቀው የዱቄት ወተት ምርት የንጽሕና አጠባበቅ ደንብ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለቱም ሰነዶች በሳይንሳዊ መሠረታቸው ጠንካራ ናቸው፤ የዱቄት ወተት ከተሕዋስያን ፍጹም የጸዳ ምርት አለመሆኑንም አይደብቁም። ጉድለቱ የሚታየው ሰነዶቹ አጥረው ወደ ሥራ ቦታ ሲደርሱ ነው። ደንቡ በምስክር ወረቀት ላይ ወደ አንድ ቃል፣ መመሪያውም «ውኃ አፍልቶ በጥብጦ ማጠጣት» ወደሚል አጭር ምክር ሲለወጡ፣ የምርመራው ወሰንና የውኃው ሙቀት ይረሳሉ። ሕፃኑን የሚጠብቁት ደግሞ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ተሕዋሲውና ታሪኩ

ዛሬ ክሮኖባክተር ሳካዛኪ ተብሎ የሚታወቀው ባክቴሪያ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ መጀመሪያ የታየው በእንግሊዝ አገር ሴንት ኦልባንስ በ1958 በማጅራት ገትር ከሞቱ ሁለት ጨቅላ ሕፃናት ጋር በተያያዘ ነው፤ ዘገባው የታተመው በ1961 ነበር። ባክቴሪያው ለብዙ ጊዜ ቢጫ ቀለም የሚያወጣ የኢንትሮባክተር ክሎኬ ዓይነት ተደርጎ ከቆየ በኋላ፣ በ1980 ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ታውቆ በጃፓናዊው የማይክሮባዮሎጂ ሊቅ በሪቺ ሳካዛኪ ስም ኢንትሮባክተር ሳካዛኪ ተባለ። በ2007 እና በ2008 በተደረገው አዲስ ምደባ ክሮኖባክተር የሚለውን ስም አገኘ። ስሙ የተወሰደው ልጆቹን ይውጥ ነበር ከሚባለው የግሪክ አፈ ታሪክ አምላክ ከክሮኖስ ነው።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚከሰት አይደለም፤ ከተከሰተ ግን ከባድ ነው። በተለይ የሚያጠቃው ከ2 ወር በታች ያሉትን፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትንና በሽታን የመከላከል አቅማቸው የተዳከመውን ሕፃናት ሲሆን፣ የደም መመረዝንና ማጅራት ገትርን ያስከትላል። ማጅራት ገትር ከያዛቸው ሕፃናት እስከ 40 በመቶ የሚደርሱት ይሞታሉ፤ ከተረፉት ውስጥም በአንጎል ውስጥ መግል በመቋጠሩ ወይም ሌላ ጉዳት በመድረሱ ዕድሜ ልክ ከሚቆይ የአካልና የአእምሮ ጉድለት ጋር የሚያድጉ አሉ።

የዱቄት ወተት ከሕመሙ ጋር ያለው ግንኙነት በአንድ ጊዜ የተረጋገጠ አይደለም። በአይስላንድ በ1986 እና በ1987 የታመሙ ሦስት ጨቅላ ሕፃናት ጉዳይ ወደ ዱቄቱ ጠቆመ። በ1988 የታተመ አንድ ጥናት ከ35 አገሮች የተሰበሰቡ 141 የዱቄት ወተት ናሙናዎችን መርምሮ በ20ዎቹ ውስጥ ባክቴሪያውን አገኘ። መጠኑ ግን እጅግ ጥቂት ነበር፤ በ100 ግራም ዱቄት ውስጥ ከ0.36 እስከ 66 የሚደርሱ ሕያው ሕዋሳት ብቻ ተቆጥረዋል። በ2001 በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት በአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ያለ ጊዜው የተወለደ አንድ ሕፃን በማጅራት ገትር ሞተ። በክፍሉ የነበሩ 49 ሕፃናት ሲመረመሩ፣ የሞተውን ጨምሮ በ10ሩ ላይ ባክቴሪያው ተገኘ። ተመሳሳዩ ባክቴሪያ ከተከፈቱት ጣሳዎች በተጨማሪ ካልተከፈተ ጣሳም ወጣ። ይህም ብክለቱ የሆስፒታሉ ብቻ ነው የሚለውን ሰበብ የዘጋ ማስረጃ ሆነ።

ባክቴሪያው ወደ ደረቅ ዱቄት የሚገባበት መንገድ ግልጽ ነው። ፈሳሹ ወተት በፋብሪካ ውስጥ የሚያልፍበት ሙቀት ክሮኖባክተርንም ሆነ ሳልሞኔላን ይገድላል። ብክለቱ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ፣ ዱቄቱ ሲቀዘቅዝ፣ ሙቀት ያልነካቸው ቫይታሚኖችና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ሲደባለቁበትና ሲታሸግ ነው። በማድረቂያው ክፍል ወለል ላይ የፈሰሰ ጥቂት ውኃ፣ የተሰነጠቀ መሣሪያ ወይም የሠራተኛ ጫማ በቂ ምክንያት ይሆናል። ክሮኖባክተር ድርቀትን የመቋቋም ልዩ ችሎታ ስላለው በደረቅ ዱቄት ውስጥ ከ2 ዓመት በላይ ሕያው ሆኖ እንደሚቆይ በምርመራ ታይቷል። በዱቄቱ ውስጥ አይራባም፤ ውኃ እስኪያገኝ ይጠብቃል። ውኃውን የሚያገኘውም በጡጦው ውስጥ ነው።

የምርመራው ሒሳብ

የኮዴክስ ደንብ ስለ ክሮኖባክተር የሚለው ግልጽ ነው። ከአንድ የምርት ዙር እያንዳንዳቸው 10 ግራም የሆኑ 30 ናሙናዎች ይወሰዳሉ፤ በአንዱም ውስጥ ባክቴሪያው መገኘት የለበትም። ለሳልሞኔላ ደግሞ እያንዳንዳቸው 25 ግራም የሆኑ 60 ናሙናዎች ይመረመራሉ። ልኩ ጥብቅ ነው፤ ከቀድሞዎቹ መለኪያዎችም እጅግ የላቀ ነው። ነገር ግን ለክሮኖባክተር የሚመረመረው ዱቄት ተደምሮ 300 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ባለ 400 ግራም ጣሳ ያነሰ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የ300 ግራም ፍርድ በሙሉው ምርት ላይ ያለው ክብደት በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። አንድ የምርት ዙር 20 ቶን ዱቄት፣ ማለትም 50,000 ባለ 400 ግራም ጣሳዎች ነው እንበል። ባክቴሪያው በአማካይ በአንድ ኪሎ ግራም አንድ ሕዋስ ሆኖ በዱቄቱ ውስጥ እኩል ተበትኗል እንበል። በዚህ ሁኔታ በተመረመረው 300 ግራም ውስጥ ቢያንስ አንድ ሕዋስ የመገኘቱ ዕድል 26 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር እንዲህ ያለው ምርት አራት ጊዜ ቢመረመር ሦስት ጊዜ ያህል «አልተገኘም» ተብሎ ያልፋል። ከ50,000ዎቹ ጣሳዎች ውስጥ ግን 16,000 የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ሕያው ባክቴሪያ ይዘው ወደ ገበያ ይወጣሉ። ብክለቱ በ100 ግራም አንድ ሕዋስ ቢደርስ ምርመራው በ95 በመቶ ዕድል ይይዘዋል። ከላይ በተጠቀሰው የ1988 ጥናት የተመዘገበው ዝቅተኛ መጠን ሲወሰድ ግን፣ ከሦስት የተበከሉ ምርቶች አንዱ ከምርመራው ያመልጣል።

ይህ ስሌት እንኳ ባክቴሪያው እኩል ተበትኗል በሚል በጎ ግምት ላይ የቆመ ነው። በእውነቱ ተሕዋስያን በዱቄት ውስጥ ተጣብቀውና በአንድ ስፍራ ተከማችተው ሊገኙ ይችላሉ። የምርቱ አንድ ክፍል በከፍተኛ ደረጃ ተበክሎ ሌላው ንጹሕ ሲሆን፣ ናሙናው ከንጹሑ ክፍል ከተወሰደ ውጤቱ ሐሰት ሳይሆን አሳሳች ይሆናል። የደንቡ አዘጋጆች ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ ለዚህም ነው በምርት ሂደቱና በፋብሪካው አካባቢ ላይ የሚደረገውን ክትትል ከመጨረሻው ምርት ምርመራ ጋር አጣምረው የደነገጉት። ሂሱ የሚያርፈው ይህ ጥምረት ከምስክር ወረቀቱ ላይ በመጥፋቱ ነው። ወረቀቱ ስለ 30ዎቹ ናሙናዎች ይናገራል፤ ከማድረቂያው ክፍል ወለል ስለተወሰደው ናሙና ግን ዝም ይላል። ከሁለቱ ይበልጥ ተናጋሪው ግን ሁለተኛው ነው።

የምርመራው ዘዴ

ናሙናው ባክቴሪያውን ቢይዝ እንኳ ላቦራቶሪው ያገኘዋል ማለት አይደለም። በደረቅ ዱቄት ውስጥ የቆየ ሕዋስ የተጎዳ ነው፤ መራጭ በሆነ ማሳደጊያ ላይ በቀጥታ ቢቀመጥ ሳያድግ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ተቀባይነት ያላቸው ዘዴዎች የሚጀምሩት መራጭ ባልሆነ ፈሳሽ ውስጥ አስቀድሞ በማበልጸግ ነው።

በ2002 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያወጣው ዘዴ ውጤት ለመስጠት እስከ አንድ ሳምንት የሚወስድ ከመሆኑም በላይ፣ ባክቴሪያውን ለመለየት በሚያወጣው ቢጫ ቀለም ላይ ይተማመን ነበር። ነገር ግን ቢጫ ቀለም የማያወጡ ክሮኖባክተሮች አሉ፤ ክሮኖባክተር ሳይሆኑ ቢጫ የሚሆኑ ባክቴሪያዎችም አሉ። በ2006 የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያወጣው ዘዴ፣ ባክቴሪያው በያዘው አልፋ ግሉኮሲዳዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ኮሎኒው አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም የሚያሳይበትን ማሳደጊያ በማስገባቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ መራጩ ፈሳሽ በ44 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዲቀመጥ በማዘዙ፣ በዚያ ሙቀት የማያድጉ ወይም በፈሳሹ ውስጥ የተጨመረውን ጨው የማይችሉ አንዳንድ ዝርያዎች ሊያመልጡት ይችሉ ነበር። በ2017 በወጣው የተሻሻለ ደረጃ ፈሳሹም ተለውጧል፤ ሙቀቱም ወደ 41.5 ዲግሪ ዝቅ ብሏል። እንግዲህ ከ2017 በፊት በአሮጌው ዘዴ «አልተገኘም» ከተባሉት ምርቶች ውስጥ አንዳንዱ «በ44 ዲግሪ አላደገም» ከማለት ያለፈ ትርጉም ያልነበረው ሊሆን ይችላል።

የባክቴሪያውን ዘረ መል የሚያባዛው ፒ.ሲ.አር. የተባለው ምርመራ ጊዜውን ከቀናት ወደ አንድና ሁለት ቀን አሳጥሮታል። ሆኖም ይህም ዘዴ የራሱ ወሰን አለው። በሙቀት የሞተ ባክቴሪያ ዘረ መል በዱቄቱ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል፣ አስቀድሞ በማበልጸግና አዎንታዊውን ውጤት በማሳደግ ካልተረጋገጠ በቀር የሞተውን ከሕያው አይለይም። ፈጣን መሣሪያ ደግሞ የናሙናውን ትንሽነት አያካክስም፤ በ300 ግራሙ ውስጥ የሌለውን የትኛውም ማሽን አያገኘውም።

ከሁለት ፋብሪካዎች የተገኘ ትምህርት

ከላይ የቀረበው ትችት በወረቀት ላይ ብቻ የሚሠራ ስሌት አለመሆኑን ሁለት ክስተቶች ያሳያሉ። የመጀመሪያው በፈረንሳይ ክራኦን በሚገኘው የላክታሊስ ኩባንያ ፋብሪካ በ2017 የተፈጠረው ነው። ሳልሞኔላ አጎና የተባለው ባክቴሪያ በፈረንሳይ ብቻ ከ35 በላይ ሕፃናትን አሳመመ፤ ከ12 ሚሊዮን በላይ ጣሳዎች ከ83 አገሮች እንዲሰበሰቡ ተደረገ። በዚያው ዓመት በነሐሴና በኅዳር አካባቢ በፋብሪካው ውስጥ ከአካባቢው ከተወሰዱ ናሙናዎች ሳልሞኔላ ተገኝቶ ነበር፤ የምርቱ ናሙናዎች ግን ነፃ ናቸው ተብሏል። ከዚህ ይበልጥ የሚያስደነግጠው የፓስተር ኢንስቲትዩት ያደረገው የዘረ መል ምርመራ ነው፤ የ2017ቱ ባክቴሪያ በ2005 በዚያው ፋብሪካ ምርት ምክንያት ወረርሽኝ ካስነሣው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ባክቴሪያው ለ12 ዓመታት በፋብሪካው ውስጥ ሲኖር፣ የመጨረሻው ምርት ምርመራ ጠንካራ አጥር ሊሆን አልቻለም።

ሁለተኛው በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ስተርጂስ በሚገኘው የአቦት ኩባንያ ፋብሪካ በ2022 የተከሰተው ነው። የአራት ሕፃናት መታመምና ከእነርሱም የሁለቱ መሞት የተመዘገበ ሲሆን፣ ኩባንያው በየካቲት 17 ቀን ምርቶቹን ሰበሰበ። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ከፋብሪካው አካባቢ በወሰዷቸው በርካታ ናሙናዎች ውስጥ ክሮኖባክተር አገኙ። ኩባንያው ግን ለገበያ ከቀረበ ምርት ባክቴሪያው እንዳልተገኘ፣ ከሁለት ሕፃናት የተገኘው ባክቴሪያም ከፋብሪካው ጋር እንደማይመሳሰል ገለጸ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ፍትሐዊ አንባቢ ከዚህ ፋብሪካው ጥፋተኛ ነው ብሎ ሊፈርድ አይችልም፤ ነፃ ነው ብሎ ሊያሰናብትም አይችልም። ለንጽጽር የሚሆን ባክቴሪያ የተገኘው ከሁለት ሕፃናት ብቻ ስለነበረ፣ የቀሩትን በተመለከተ ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ቀረ። ፋብሪካው ሲዘጋ በአገሪቱ የደረሰው የወተት እጥረት ደግሞ ችግሩን ዘግይቶ የማግኘት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ አሳየ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ምርቱ ከተሰራጨ በኋላ የሚመጣ ውጤት ጩኸት እንጂ ጥበቃ አይሆንም።

ሰባ ዲግሪ

ምርመራው ሙሉ ዋስትና መስጠት ካልቻለ የመጨረሻው አጥር የሚሆነው ወተቱ የሚዘጋጅበት ሰዓት ነው። የ2007ቱ መመሪያ ዋና ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ውኃው ከፈላ በኋላ ዱቄቱ ሲጨመርበት ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ማነስ የለበትም፤ የተዘጋጀው ወተት በፍጥነት ቀዝቅዞ በ2 ሰዓት ውስጥ መጠጣት አለበት፤ ለኋላ የሚቀመጥ ከሆነም ከ5 ዲግሪ በማይበልጥ ቅዝቃዜ ከ24 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ብቻ መቆየት አለበት። ሕፃኑ ጀምሮ የተወው ትርፍ ይደፋል።

የ70 ዲግሪ ምክንያት የሚያፈላው ሰው ሁሉ የሚያውቀው አይደለም። በተለምዶ ውኃ የሚፈላው በውኃው ውስጥ ያለውን ተሕዋስ ለመግደል ነው ተብሎ ይታሰባል። በዱቄት ወተት ረገድ ግን ሙቀቱ የሚያስፈልገው በዱቄቱ ውስጥ ላለው ባክቴሪያ ነው። የፈላውን ውኃ ለብ እስኪል አቀዝቅዞ ዱቄቱን የሚጨምር ሰው የውኃውን ባክቴሪያ ገድሎ ለዱቄቱ ባክቴሪያ ምቹ መኝታ አነጠፈ ማለት ነው። ሙቀትን በሚቋቋም የባክቴሪያው ዝርያ ላይ በተደረገ ሙከራ፣ በ70 ዲግሪ ውኃ የተበጠበጠ ወተት ውስጥ የሕያዋኑ ቁጥር ከ10,000 እጅ በላይ ቀንሷል። በአንጻሩ ለብ ባለ ወተት ውስጥ ባክቴሪያው በየ30 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል ብንል፣ አንዱ ሕዋስ በ5 ሰዓት ውስጥ ከ1,000 በላይ፣ በ10 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከሚሊዮን በላይ ይደርሳል። ጠዋት ተዘጋጅቶ ለቀኑ ሙሉ የሚቀመጥ ጡጦ ማለት ይህ ነው።

በመመሪያው ላይ የሚቀርቡ ተቃውሞዎች አሉ። ከፍተኛ ሙቀት እንደ ቫይታሚን ሲ ያሉትን ንጥረ ነገሮች በከፊል ያጠፋል፤ ዱቄቱ ሊጓጉል ይችላል፤ የምታዘጋጀውን እናት ወይም ሕፃኑን ሊያቃጥል ይችላል። እነዚህ ተቃውሞዎች በቀላሉ የሚታለፉ ባይሆኑም፣ ጥቂት ቫይታሚን ማጣትና ማጅራት ገትር በአንድ ሚዛን አይቀመጡም፤ ቃጠሎም በማስተማርና ከማጠጣት በፊት የወተቱን ሙቀት በማረጋገጥ ይከላከሉታል።

የመመሪያው እውነተኛ ድክመት ሌላ ነው። የመጨረሻውን አጥር የመጠበቅ ኃላፊነት የጣለው የመለኪያ መሣሪያ በሌለው ሰው ላይ ነው። ለቤት ውስጥ አዘገጃጀት የወጣው በራሪ ጽሑፍ ውኃው ከፈላ በኋላ ከ30 ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። ይህ አንድ ቁጥር ብዙ ነገሮችን ይሸፍናል። በትልቅ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃና በትንሽ ጀበና የፈላ ውኃ እኩል አይቀዘቅዙም። ከሁሉም በላይ ቁጥሩ ከፍታን ከግምት አያስገባም። ውኃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ወደ 70 የሚወርድበት ጉዞ ከመነሻው በ8 ዲግሪ ስለሚያጥር የ30 ደቂቃው ምክር በደጋው አገር በነበረበት ሊያገለግል አይችልም። ሌሊት ለሚነሣ ሕፃን ማታ አፍልቶ በፔርሙስ ማስቀመጥም በብዙ ቤቶች የተለመደ ነው፤ ፔርሙሱ እስከ ሌሊቱ አጋማሽ ምን ያህል ሙቀት እንደያዘ ግን የሚያውቅ የለም።

በሌላ በኩል ከአንዳንድ ጣሳዎች ላይ የሚነበበው መመሪያ ከዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጋር ይጋጫል። ቫይታሚኑ ወይም የተጨመረው ጠቃሚ ባክቴሪያ እንዳይጎዳ በማሰብ የፈላው ውኃ ለብ እስኪል እንዲቀዘቅዝ የሚያዙ አምራቾች አሉ። የጤና ባለሙያ አንድ ነገር ሲናገር ጣሳው ሌላ ከተናገረ፣ እናት የምታምነው የታተመውን ነው። ሰነዶቹ ይህን ግጭት በጥብቅ ቃል ሳይዘጉ መተዋቸው ሊወቀሱበት የሚገባ ጉድለት ነው።

ለጤና ባለሙያው ምን ይቀራል?

በኢትዮጵያ በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶ የሚሆኑት የእናት ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። በዚያው ጥናት ከአሥር ቤተሰቦች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ምግብ የሚያበስሉት በማገዶ፣ በከሰልና በመሳሰሉት ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት ለእያንዳንዱ ጡጦ አዲስ ውኃ ማፍላት ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም። ስለዚህ የዱቄት ወተትን በቀላል ምክንያት ማዘዝ፣ የጡት ጥቅምን ከማስቀረቱ ባሻገር፣ ቤተሰቡ ሊሸከመው የማይችለውን የጥንቃቄ ሥራ ማዘዝ ነው።

የዱቄት ወተት በእርግጥ የሚያስፈልገው ሕፃን ሲኖር ምክሩ በሙሉ ቃሉ መሰጠት አለበት። «አፍልታችሁ» ማለት አይበቃም፤ ውኃው እንደ ፈላ ሳይቆይ፣ እጅግ ትኩስ ሳለ ዱቄቱ እንዲጨመር፣ ከዚያም ጡጦው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተነክሮ እንዲበርድ፣ የወተቱ ሙቀት በእጅ አንጓ ላይ ተሞክሮ እንዲጠጣ፣ ትርፉም እንዲደፋ ማሳየት ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት «አስቀምጡ» የሚለው ቃል ከምክሩ ውስጥ ሊወጣ ይገባል። በጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች ደግሞ ሊገዛ የሚገባው ውድ መሣሪያ ሳይሆን አንድ ቴርሞሜትር ነው። ከሁሉ ይልቅ ተጋላጭ ለሆኑት ሕፃናት የእናት ወተት በማይገኝበት ጊዜ፣ በፋብሪካ ከተሕዋስያን የጸዳ ፈሳሽ ወተት ከተገኘ ከዱቄቱ ይመረጣል። የታለበ የእናት ጡት ወተትም ቢሆን ከጥንቃቄ ውጭ አይደለም፤ በ2017 በአሜሪካ የወጣ ዘገባ በአግባቡ ባልጸዳ የጡት ማለቢያ ምክንያት ያለ ጊዜው የተወለደ አንድ ሕፃን በክሮኖባክተር መያዙን አሳይቷል።

በላቦራቶሪ በኩልም ሊታረም የሚገባ ልማድ አለ። ከጨቅላ ሕፃን ደም ወይም ከኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ የወጣ ክሮኖባክተር በተለመደው ማሳደጊያ ላይ ያለ ችግር ያድጋል፤ ችግሩ ስሙ ነው። በጥቂት ኬሚካላዊ ምርመራዎች ብቻ ሲለይ «ኢንትሮባክተር» ተብሎ ሊመዘገብና ጉዳዩ እዚያው ሊዘጋ ይችላል። ከጨቅላ ሕፃን እንዲህ ያለ ውጤት ሲገኝ ሕፃኑ ምን ይመገብ እንደነበረ መጠየቅ፣ የባክቴሪያውን ናሙና አለመጣል፣ የተጀመረውን ጣሳ ከነምርት መለያ ቁጥሩ እንዲመጣ ማድረግና ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይገባል። በስተርጂስ መልስ ያጣው ጥያቄ መልስ ያጣው ይህ ስላልተሟላ ነው። አሜሪካ የሕፃናትን የክሮኖባክተር ሕመም በመላ አገሪቱ ሪፖርት ከሚደረጉ ሕመሞች ዝርዝር ውስጥ ያስገባችው ከ2024 ጀምሮ ነው። ያልተፈለገ ሕመም አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ሕመም ደግሞ እንደሌለ ይታሰባል። «አልተገኘም» የሚለው ቃል በሕሙማን መዝገብም ላይ ያው አሳሳች ቃል ነው።

ማጠቃለያ

የ2007ቱ መመሪያና የ2008ቱ ደንብ የተሠሩት እርስ በርስ እንዲደጋገፉ ነው። ደንቡ የባክቴሪያውን መጠን በፋብሪካ ይቀንሳል፤ ከዚያ ያመለጠውን መመሪያው በጡጦው ዘንድ ይይዛል። አንዱ ሌላውን እንደሚተካ ተደርጎ ሲነበብ ግን ሁለቱም ይከሽፋሉ። ንጹሕ የምስክር ወረቀት ያየ ባለሙያ ስለ 70 ዲግሪ መናገር ከተወ፣ ወረቀቱ ራሱ የአደጋው ምክንያት ይሆናል። ሰነዶቹ ወደፊት ሲሻሻሉ የምስክር ወረቀቱ የተመረመረውን የዱቄት መጠን፣ የተሠራበትን ዘዴና የፋብሪካውን የአካባቢ ምርመራ ውጤት አብሮ እንዲገልጽ፣ የአዘገጃጀቱ ምክርም ለደጋ አገርና ቴርሞሜትር ለሌለው ቤት እንዲስተካከል ያስፈልጋል። እስከዚያ ድረስ በላቦራቶሪው ቃልና በሕፃኑ አፍ መካከል ያለው ርቀት የሚሞላው እናቲቱን ፊት ለፊት በሚያገኛት የጤና ባለሙያ ነው።